ሙሽራዋ ካልመጣች ሂና የማይሸጡት ሴት

የአዴ ሞሚናን መሞት የሰማሁት ሐረር፣ ሸዋ በር፣ ሽንኩርት ከምሸጥበት ቦታ ተቀምጬ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሁለት ኪሎ አስመዝኖ ኪሱን እየፈተሸ፣ «የሂናዋ ሴትዮ አርፈው መንገዱ በቀብረኛ ተዘጋግቷል» አለ።

«የትኛዋ?» አልኩት።

«ሂና አልሸጥም የሚሉት ናቸዋ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ምልክት አልጠየቅኩትም። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ሂና የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ሂና አልሸጥም የሚሉት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሽንኩርቱን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ ያለው ቤታቸው ስደርስ ወንዶቹ አስከሬኑን ይዘው ወጥተዋል። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሰሚራ በሩ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ነበረች። አላለቀሰችም። «አንቺም መጣሽ፣ ሸዋ በር» አለችኝ። ይህን ስም ያወጡልኝ እናቷ ናቸው። ስሜን ያውቁታል፤ ግን አንድም ቀን ጠርተውኝ አያውቁም።

በእኛ አገር «አዴ» የሚባለው በዕድሜ ከፍ ላለች ሴት ነው፤ ኦሮምኛ ነው። አዴ ሞሚና ከከተማው ውጪ ሶፊ የሚባል ገጠር የገበሬ ልጅ ነበሩ። ተድረው ወደ ከተማ ገቡ፤ ባላቸው ቀድመው ሞቱ፤ ከዚያ ወዲያ በሂና ኖሩ። ረጅም፣ ቀጭን ነበሩ። ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ግራው ግን ሂና አይነካውም። የሂናቸውን ቀለም ለደንበኛ የሚያሳዩት በገዛ መዳፋቸው ስለሆነ ነው። ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ ያችን ቀይ እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጉና የሂናውን ጆንያ አፍ በሰፌድ ይከድኑታል። ሰፌዱ ከተከደነ ገበያው ቆሟል ማለት ነው። ደንበኛም ቢመጣ አይከፍቱትም።

የሙሽራ ሂና የሚገዛው በወንዱ ወገን ነው። የሙሽራው አክስቶችና እህቶች ተሰብስበው፣ እየሳቁና እየተገፋፉ ይመጣሉ። ሙሽራዋ ቤት ናት። ሰርጓ የቀረበ ልጅ ገበያ ለገበያ መታየቷ ነውር ነው፤ ዓይንም ያገኛታል ይባላል። የአዴ ሞሚና ሕግ ደግሞ ከዚህ ጋር ይጋጫል።

«አዴ፣ ለሙሽራ የሚሆን ሂና ይስጡን።»

«ሙሽራዋ የታለች?»

«ቤት ናት። ሙሽራ ገበያ ይወጣል እንዴ?»

«እንግዲያው ቤቷ ያገኘችውን ትቀባ።»

«ምን ያሉት ንግድ ነው? እኛ እኮ ገዢ ነን።»

«ገዢ ከሆናችሁ ዘሃራ አለችላችሁ። እሷ ሙሽራ አትጠይቅም።»

ዘሃራ ቀጥሎ ያለውን መደብ የያዘች ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት። ይህን ስትሰማ መዳፏን አጨብጭባ ትጠራቸዋለች። «ኑ እናቶቼ፣ ኑ። እኔ እንኳን ሙሽራዋን፣ ሙሽራውንም አልጠይቅም። ሞሚና ታባርራለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝምልኝ።» ሁለቱ ጎን ለጎን ብዙ ዘመን ተቀምጠዋል። አዴ ሞሚና ያባረሩት ሁሉ ዘሃራ ጋ ይሄዳል። ሁለቱም ግን ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር።

ሙሽራዋን ይዘዋት ሲመጡ ያለው ነገር ሌላ ነው። ሴቶቹን ያስቆሙና እሷን ዱካ ላይ ያስቀምጧታል። ሰሚራ ወንበሯን ታስጠጋለች። ሂና የምትስለው ሰሚራ ናት፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ በከተማው እንደሷ የሚስል አላየሁም። ለሙከራ ብላ የሙሽራዋ መዳፍ ላይ ትንሽ አበባ ትስላለች። ከዚያ «እስኪደርቅ እንዳትነኪው» ትላታለች። ልጅቷ ሁለት እጇን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ተነስታ መሄድ አትችል፤ ፊቷን መሸፈን አትችል። ያን ጊዜ አዴ ሞሚና እጃቸውን ጠርገው ሰፌዱን ይከድናሉ።

«ዛሬም ሙሽራ ታሰረች» ትላለች ዘሃራ ከወዲያ።

የሚሏትን እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ቃሉ ብዙም አይለወጥም። «የሰው ልጅ ሆድ ውስጥ ሲፈጠር መጀመሪያ ጀርባውና ራሱ ክፍት ነው። ከዚያ ይዘጋል። የጁገል በሮች ድሮ ፀሐይ ስትገባ ይዘጉ የለ? የልጁም የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ነው፤ አንቺ ማርገዝሽን ሳታውቂ። አንዳንዱ ሳይዘጋ ይቀራል። አንዴ ካለፈ በኋላ በኪኒን የሚዘጋው የለም። ስለዚህ ከሰርጉ በፊት ጤና ጣቢያ ሂጂና፣ ላረግዝ አስቤያለሁ፣ ፎሊክ አሲድ ስጡኝ በያቸው። በየቀኑ አንዲት ኪኒን ናት። ጎመንም ብዪ፣ ምስርም ብዪ፤ በነሱ ብቻ ግን አትመኚ።»

ልጅቷ አፍራ ትስቃለች። አክስቶቹ ይቆጣሉ። «ገና ሳትዳር ስለ በሽተኛ ልጅ ታወሩባታላችሁ? ሟርት ነው።» አዴ ሞሚና አይመልሱላቸውም። ሰሚራ ትመልሳለች። «ሟርቱስ እኔ ነኝ፤ ይኸው ተወልጄ ተቀምጫለሁ። እጅሽን አታንቀሳቅሺ አንቺ፣ አበባው ይበላሻል።»

ሰሚራ ስትወለድ ወገቧ ላይ ጀርባዋ ክፍት ነበር። አዲስ አበባ ወስደው አሰፏት። ራሷ ውስጥ ውኃ እየሞላ ስላስቸገረም ቀጭን ቱቦ ተተከለላት። እግሮቿ አይታዘዙም። አዴ ሞሚና ያን ሁሉ የሚያወሩትን ያወቁት እዚያ ሆስፒታል ነው። «አንዲት ሲስተር ናት ያስረዳችኝ» ይሉ ነበር። «ስትጨርስ፣ ይህን ከወለድኩ በኋላ ለምን ትነግሪኛለሽ? አልኳት። እኛ ጋ እኮ የምትመጡት ካረገዛችሁ በኋላ ነው፤ ሴቶቹን ቀድመን የት እናግኛቸው? አለችኝ። እኔ ሂና ሻጭ ነኝ። ቀድሜ የማገኛቸው እኔ ነኝ።»

እኔ ያገኘኋቸው ለታናሽ እህቴ ሰርግ ሂና ልገዛ ሄጄ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ብንሆንም ሐረር ላይ ሂና የማትቀባ ሙሽራ የለችም፤ እኛ ዘንድ ግን የሚገዛው የሴቷ ወገን ነው። «ሙሽራዋ የታለች?» አሉኝ። እንደ ሰው ሁሉ ተቆጥቼ «ምን ያደርግልዎታል?» አልኩ። ነገሩኝ። ስለሚዘጋው ጀርባና ራስ ሲናገሩ ያወጣሁትን ብር መልሼ ቋጠርኩ። ንግግራቸውን አቆሙና አዩኝ።

«ጀርባው ነው ወይስ ራሱ?» አሉኝ።

«ራሱ ነው» አልኩ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ልጄ ራስ ቅሉ ሳይዘጋ ነው የተወለደው። ብዙም አልቆየም። እርግዝናዬን እንደ አገሩ ልማድ ሆዴ እስኪገፋ ደብቄው ነበር፤ ሐኪም ቤት የሄድኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ሲሞት አንዷ ቀትር ላይ ወጥተሽ ነው አለችኝ፣ አንዷ ዓይን ነው አለችኝ፣ አንዷ ደግሞ ምንም ሳትል የኔንና የባለቤቴን ዘር ትጠይቅ ጀመር። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የቱ እውነት እንደሆነ መለየት ስላልቻልኩ ሁሉንም ፈራሁ። ፀሐይ ፈራሁ፣ ሰው ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ሁለተኛ ማርገዝ ፈራሁ።

አዴ ሞሚና ሰፌዱን ከደኑ። «ስሚ ልጄ» አሉ። «የማንም እርግማን አይደለም። የሠራሽው ጥፋትም የለም። ግን አንዴ የደረሰባት ሴት እንደ ሌላዋ አይደለችም፤ ሁለተኛም ሊደርስባት ይችላል። ለሙሽሮች የምለው ላንቺ አይበቃም። ላንቺ መጠኑ ከፍ ያለ ነው የሚታዘዘው፤ እሱንም ሐኪም ነው የሚያዘው። ከማርገዝሽ በፊት ሂጂ። ከኔ ሂና ግዢ እንጂ መድኃኒት አትጠይቂኝ።»

«ከወሰድኩ ይድናል?» አልኳቸው።

«ብዙዎቹ ይድናሉ። ዋስ ግን አልሆንሽም።»

ሌላ ሰው ቢሆን አይዞሽ ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አይዞሽ ሲሉኝ የበለጠ የምፈራ ሰው ነኝ። ዋስ አልሆንሽም ስላሉኝ አመንኳቸው።

ሐኪሙ የስኳር በሽታ ይኖርብኝ እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩ። ኪኒኑን አዘዘልኝ፤ እርግዝናው ከመምጣቱ ወራት ቀድሜ እንድጀምር ነገረኝ። ቤት አምጥቼ ከእህል ማሰሮ ኋላ ደበቅኩት። ለምን እንደደበቅኩት አላውቅም፤ እኛ እርግዝናን መደበቅ ለምደናል፣ የእርግዝናን ሐሳብም አብረን እንደብቃለን።

አማቴ እማማ በላይነሽ ማሰሮውን ሲያነሱ አገኙት። ያላረገዘች ሴት በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን እሳቸው የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ እንዳያረግዙ የሚወሰደውን። «የልጄን ዘር ልታደርቂ ነው» አሉኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። ፓኬቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን ጅቡቲ ነበር። በስልክ ስነግረው፣ «ከእማዬ ጋር አትጣይ» አለኝ።

ቀናት አለፉ። መቀነት ፈትቼ ከአማቴ ወገብ መድኃኒት መቀማት አልችልም። ሌላ ብገዛም ያገኙታል። ያለ ኪኒኑ እንዳላረግዝ ምያለሁ፤ ባለቤቴ ግን ሊመለስ ነው። ጊደር መጋላ ሄጄ ለአዴ ሞሚና ነገርኳቸው። «ቤትሽ የት ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ ከዓሥር ሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። አዴ ሞሚና የሰሚራን ወንበር እየገፉ ያን ሁሉ የድንጋይ መንገድ መጥተዋል። ላብ በላብ ሆነዋል።

እማማ በላይነሽ አዩአቸው። «የሂናዋ ሴትዮ አይደሉም? እኛ ቤት ሰርግ የለም።»

«ሂና ይዤ አልመጣሁም። ልጄን ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ አዴ ሞሚና።

«እማማ፣ ደፋችሁ ከፍ ይላል፤ በዚህ በኩል ያንሱልኝ» አለች ሰሚራ።

እማማ በላይነሽ እንግዳ በር ላይ ማቆም አይሆንላቸውም። ጎንበስ ብለው ወንበሩን በአንድ በኩል ያዙ፤ አዴ ሞሚና በሌላ በኩል። አንስተው አስገቧት። አማቴ ቀና ሲሉ እያለከለኩ፣ «ምን አገኘሽ ልጄ?» አሉ።

«ምንም አላገኘኝም። ስወለድ ጀርባዬ ክፍት ነበር።»

«ዓይን ነው» አሉ እማማ በላይነሽ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሆነው።

«ያን ጊዜ እኮ እናቴ ሆድ ውስጥ ምስር ነው የማህለው። ምስር የማህለውን ማን አይቶ ነው በዓይኑ የሚበላኝ?»

አማቴ ሳይፈልጉ ሳቁ። ውኃ አመጡላቸው። አዴ ሞሚና ጠጥተው፣ ቀይ እጃቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። የሚከደን ሰፌድ ስላልነበረ ብርጭቆውን ደፉት።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አሉ። «መሬት የሚታረሰው ከዘር በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«ምን ጥያቄ ነው። በፊት ነው እንጂ።»

«መቀነትዎ ውስጥ ያለውም ለዚያ ነው። የልጅ ልጅ እንዳይመጣ አይደለም፤ ሲመጣ ራሱ ተዘግቶ እንዲመጣ ነው።»

እማማ በላይነሽ እጃቸውን መቀነታቸው ላይ አደረጉ። የመጀመሪያውን ልጄን ጠቅልለው የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ ያዩትን አይተዋል። ኪኒኑን ግን አልፈቱትም።

«ካላመኑኝ ጤና ጣቢያ ወስደው ያሳዩዋቸው» አሉ አዴ ሞሚና። «እኔ ሂና ሻጭ ነኝ፤ ማመንም የለብዎትም።»

አማቴ በነጋታው እንደተቋጠረ ይዘውት ሄዱ። ረፋድ ላይ ተመለሱና ፓኬቱን ከነውኃው ፊቴ አስቀመጡት። «እንዳልሽው ነው አሉኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሳልውጥ ከቤት አያስወጡኝም ነበር። ሳረግዝ ግን ለጎረቤት እንዳትናገሪ አሉኝ። ይቺን ማስጣል አልተቻለም።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ሜላት አልናት። አዋላጇ እንደሰጠቻቸው መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባዋን ያዩት እማማ በላይነሽ ናቸው፤ ቀጥለው ራሷን ዳበሱ። ከዚያ ነው እልል ያሉት። እኔ አሁን ድረስ ሳጥባት ከማጅራቷ ጀምሬ በጣቴ እስከ ወገቧ እወርዳለሁ። «አትኮርኩሪኝ» ትለኛለች።

አዴ ሞሚና ሁሉም የተሳካላቸው ሴት አልነበሩም። አንድ ቀን ሜላትን አዝዬ እዚያው ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት መጣች። እሳቸው የመከሯት ሙሽራ የነበረች ናት። ኪኒኑን ወስዳ፣ ቀድማ ጀምራ፣ ልጇ ግን ጀርባው ሳይዘጋ ተወልዶ ሞቷል። ገበያ መሃል ሰደበቻቸው፤ ሐሰተኛ አለቻቸው። ዘሃራ ልትመልስላት ተነስታ ነበር፤ አዴ ሞሚና በእጃቸው ከለከሏት። ሰፌዱን ከደኑ። ዱካውን ገፋ አደረጉላት። ሴትየዋ ለመሄድ ብትዞርም መልሳ ተቀመጠች፤ አዴ ሞሚና እስኪመሽ ምንም ሳይሸጡ አጠገቧ ነበሩ። ያወሩትን አልሰማሁም። ከሰንበታት በኋላ ያቺን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት ሲሄዱ አየኋቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አልረሳም። ሙሽራ መክረው ከሸኙ በኋላ ነው። ሰሚራ የሂናውን ቀለም ከጣቷ እየፋቀች፣ «እማ፣ ይህን ሁሉ የምትለፊው እንደኔ ያለች እንዳትወለድ ነው?» አለቻቸው። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ግን አልሳቀችም። ዘሃራ መጠቅለሏን አቆመች። እኔ ሜላትን ይዤ የምገባበት አጣሁ።

አዴ ሞሚና በእፍኛቸው የያዙት ሂና በጣቶቻቸው መሃል እየፈሰሰ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አላህ እንደገና ምረጪ ቢለኝ አንቺኑ ነው የምመርጠው» አሉ። «ጀርባሽን ዘግቶ ቢሰጠኝ ግን እወዳለሁ። ስትቆረጪ፣ ስትሰፊ፣ እንደገና ስትቆረጪ እዚያ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሴት እዚያ እንዳትቆም ነው። ላንቺ አይደለም የምለፋው፤ ለሷ ነው።»

ሰሚራ የፈሰሰውን ሂና ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። «እሺ» አለች። «እንግዲያው ስታወሪ ሂናውን አትደፊው።»

ከቀብሩ በኋላ ሳምንት ቆይቼ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ሜላት አብራኝ ነበረች። የአዴ ሞሚና መደብ አልተከፈተም፤ ጆንያው በሰፌዱ እንደተከደነ ነው። ሰሚራን ጠየቅኩ። ዘሃራ፣ «ከአርባው በኋላ እመጣለሁ ብላለች፤ ቦታዋን ይዤላት ነው» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ዱሮው አልነበረም፤ ሰው እየጠራች አልነበረም። አጠገቧ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ያ ዱካ ነበር፤ ወደ ራሷ መደብ አስጠግታዋለች። ምን ልትሠራበት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ቆመን ሳለ ሦስት ሴቶች እየተሳሳቁ መጡ፤ የሙሽራ ወገን እንደሆኑ ያስታውቃሉ። የተከደነውን ጆንያ አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ተመስገን፣ ዛሬ የምትመረምረን የለችም» አለች አንዷ በቀስታ። ዘሃራ ሰምታታለች።

«እናቴ፣ ለሙሽራ የሚሆን ሂና ስጪን» አሏት።

ዘሃራ ሂናውን መዘነች። ፌስታሉን ከፈተች። ከዚያ መልሳ ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው።

«ሙሽራዋ የታለች?» አለች።